ጽኑ ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ እስር ክፍሉ የወሰደኝ ፖሊስ በሩን ከከፈተ በኋላ፣ «መምህር፣ ጫማህን አውልቅ። ውስጥ ሰው ይሰግድበታል» አለኝ።

ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፤ ከላይ አንዲት ትንሽ መስኮት በፌሮ ተዘግታለች። ሁለት ሰዎች የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቆጮ ይበላሉ። ትልቁ ሰው ገና ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ያ መምህር! ስለ ውሃ የጠየቀው!»

እውነቱን ነው፤ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በተጠራ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ቧንቧችን ለምን እንደደረቀና ቃል የገቡልን ሰዎች የት እንደገቡ ጠየቅኩ። ጥያቄዬ ያ ብቻ ነበር። አዳራሹ ግን አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ቶሎ አልቆም አለ። እኔን ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ያስወሰደኝም ያ ጭብጨባ ነው። መርማሪው ጣቢያ ስደርስ የነገረኝ አጭር ነበር፤ «ሕዝብ ማነሳሳት ይባላል። በጽኑ እስራት ያስቀጣል።»

ትልቁ ሰውዬ የዱራሜ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። የሰፈሩን ሽማግሌዎች በነጻ ወደ ስብሰባው ስላመላለሰ ያዙት። ሌላኛው የእኔ እኩያ የሚሆን አናጺ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። እሱን ያሳሰረው ማጨብጨቡ ነው።

«ያጨበጨበውማ ሁሉም ሰው ነው» አለኝ ሁለቱን መዳፎቹን ዘርግቶ እያሳየኝ። «የእኔ ግን የአናጺ እጅ ነው፤ ድምፁ ይለያል።»

ሹፌሩ በቤቱ ከምባትኛ ይናገራል፣ አናጺው ሀዲይኛ። ክፍሉ ውስጥ የሚግባቡት በአማርኛ ነው።

«ምን አሉህ?» አለ ሹፌሩ ቆጮውን ወደ እኔ እየገፋ።

«በጽኑ እስራት ያስቀጣል አሉኝ።» ድምፄ ለራሴ ቀጥኖ ተሰማኝ።

አናጺው መብላቱን ተወ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ ከልቡ።

ሹፌሩ ተቆጣ። «ሰውየው መች ሞተ? ለቅሶ ቤት አደረግከው እኮ!»

«ታዲያ ጽኑ ካሉት ምን ልበለው?»

«ጽኑ እኔ አውቃለሁ። ጽኑ ሕሙማን ነው። እናቴ ሆስፒታል የገባች ጊዜ በሩ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ፤ በጣም የታመመ ሰው የሚተኛበት ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፣ «እናቴ ደግሞ ከዚያ ክፍል በእግሯ ነው የወጣችው። አይዞህ።»

«በእኛ ዘንድ ጽኑ ትእዛዝ ነው» አለ አናጺው። «ፓስተሩ ጽኑ ሲለን እንጸናለን። በቃ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የማስተምረው አማርኛ መሆኑን ከተማው ያውቃል። ተማሪ ሲጠይቅ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩ። «ቃሉ ከ'ጸና' ይመጣል። ሥር ያዘ፣ ተተከለ፣ አልነቃነቅም አለ ማለት ነው። ለደጉም ለክፉውም ይሆናል። እምነት ይጸናል፣ ወዳጅነት ይጸናል፤ በሽታም ብርድም ይጸናል። እስራቱንም ጽኑ ያሉት ከቀላል እስራት ስለሚከብድ ነው።»

«መንጃ ፈቃድስ?» አለ ሹፌሩ። «የሥራ ማስታወቂያ ላይ 'የጸና መንጃ ፈቃድ ያለው' ይላል።»

«እሱም ያው ነው፣ ጋሼ። ጊዜው ያላለፈበት፣ በሕግ የሚሠራ ማለት ነው።»

«እንግዲህ የእኔ የጸና ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ታርጋዬን ፈቱት እንጂ ፈቃዴን ማን ነክቶት!»

አናጺው ግን የራሱ ነገር አልለቀቀውም። «ትእዛዝ ሲሆንስ?»

«ለብዙ ሰው 'ጽኑ'፣ ለአንድ ወንድ 'ጽና'፣ ለአንዲት ሴት 'ጽኚ'።»

ሹፌሩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገመው። ሚስቱን አስታውሶ ይሁን አላውቅም፣ 'ጽኚ' ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ እኛም ተከትለነው ሳቅን። በር ላይ የነበረው ፖሊስ በሩን ገርበብ አድርጎ አየንና ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። ከቆጮው ቆረስኩ፤ ከተያዝኩ ወዲህ እህል የቀመስኩት ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። ሲይዙኝ ሸሚዜ ከብብቱ ተተርትሮ ነበር። ሹፌሩ አይቶኝ ኮቱን አወለቀ።

«ተቀዳደህ አትቅረባቸው። እንካ።»

ኮቱ ሰፋኝ፤ እጅጌው ጣቶቼን ሁሉ ዋጠ። አናጺው ለመጠጥ ያስቀመጣትን የሃይላንድ ውሃ አነሳና እጄ ላይ ያፈስልኝ ጀመር። እንዳያባክን ብለምነውም አልሰማኝም። «ስለ ውሃ የታሰረ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ አይቀርብም!» አለ።

ግቢውን ሳቋርጥ ከኋላዬ የሹፌሩ ድምፅ በመስኮቷ ወጣ።

«መምህር! ጽኑ!»

ልማድ ሆኖብኝ ዞር አልኩ። «ጋሼ፣ ለአንድ ሰው 'ጽና' ነው!»

«አንድ መች ሆንክ!» አለኝ።

አጠገቤ የሚሄደው ፖሊስ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የተናገረውን ሙሉ በሙሉ የተረዳሁት መርማሪው ፊት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ይህን ያቀነባበሩት ሹፌሩና አናጺው እንደሆኑ እናውቃለን። ገፋፍተውኝ ነው በል። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ቤቴ በዓይኔ መጣ። ባለቤቴ ከበሩ ፊት ቆማ መንገዱን ስታይ ታየችኝ። እጆቼ ተንቀጠቀጡ፤ ደግነቱ ሰፊው እጅጌ ሸፈነልኝ።

«ጥያቄው የእኔ ነው» አልኩ። «አንዱ መኪና ነዳ፣ አንዱ አጨበጨበ። ማንም አልገፋፋኝም።»

«በጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ነግሬሃለሁ።»

«ነግረውኛል። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ አስተምረዋለሁ።»

መርማሪው እስክሪብቶውን ከደነና «ውሰደው» አለ ፖሊሱን።

ክፍሉ ስመለስ ሁለቱም ቆመው ጠበቁኝ። የተባልኩትንና የመለስኩትን ነገርኳቸው። አናጺው ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ መዝሙር ጀመረ። ሹፌሩ የሶላቱ ሰዓት ቢደርስም ዜማው እስኪያልቅ ጠበቀው፤ ከዚያ ተነስቶ ሰገደ። ኮቱን ልመልስለት ስል በእጁ ምልክት ከለከለኝ። በማግስቱ ፍርድ ቤት የቀረብኩት እሱን ለብሼ ነው። ሦስታችንንም በዋስ ለቀቁን፤ ክሱም ከወራት በኋላ ተቋረጠ።

ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ድሮ ይህ ቃል ሲመጣ «ጽኑ ማለት ጠንካራ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን እንደዚያ ብዬ ማለፍ ከበደኝ። እኔ በዚያ ወንበር ላይ ተንቀጥቅጫለሁ። በቅርቡ ሰሌዳው ላይ የመጽሐፉን ፍቺ ከጻፍኩ በኋላ፣ «እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ከቦታው ያልሄደ ሰው ጽኑ ይባላል» አልኳቸው።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ለፈተና የትኛውን እንጻፍ?»

«ለፈተናው የመጽሐፉን ጻፉ» አልኳት። «ይሄኛውን ለራሳችሁ ያዙት።»