መምሬ ያላዩት በር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። እንዴት ልናገር? የበደልኩት እሳቸውን ነው። ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፤ ኃጢአቱ በራሳቸው በነፍስ አባቱ ላይ የተሠራ ሲሆን ወዴት ይሄዳል? እሳቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ እኔ ዛሬ አፌን ከፈትኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ቢሆንም ስሙኝ፤ ስለማታውቁኝ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

እኔ ጎንደር፣ ማራኪ ላይ ለተማሪዎች ዳቦ፣ ሳሙናና ለስላሳ የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርቻለሁ። መምሬ ጥበቡ የቤታችን ነፍስ አባት ነበሩ፤ እናቴን ፈትተው ቀብረዋል፣ ልጄን አጥምቀዋል። የሻረግ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እሷም እንደኔ ዓረብ አገር ሄደች። እኔ በደህና ተመለስኩ፣ እሷ እዚያው ታማ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌላት ሲነግሯት ደውላ አባቷን አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ሳልሞት መጥተው እግዚአብሔር ይፍታሽ ይበሉኝ አለች። በነፍሷ ላይ የከበዳት ነገር ነበር፤ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በስልክ ይበሏት ብንላቸው መምሬ እንቢ አሉ። መስቀሉ ራሷ ላይ ሳያርፍ አይሆንም አሉ።

የሰበካው ሰው ገንዘብ አዋጣ። መምሬ በሰሜን ከአዲ አርቃይ፣ በደቡብ ከባሕር ዳር አልፈው አያውቁም፤ ዓረብኛ የምችል እኔ ነኝና አብሬያቸው እንድሄድ ተለመንኩ። ገንዘቡን እኔ ያዝኩ። ሽማግሌዎቹ የተረፈው ለድካምሽ ይሁን አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የማስበው ስለሚተርፈው ነበር። ለሱቄ ፍሪጅ ፈልጌ ነበር። ማራኪ ላይ ቀዝቃዛ ለስላሳ የሌለው ሱቅ የሚገባበት ዝንብ ብቻ ነው።

ትኬቱን ሳስቆርጥ ርካሹን መረጥኩ። ስለዚህ በመንገድ ላይ፣ በሌላ አገር፣ አውሮፕላን መቀየር ነበረብን፤ ለመቀየርም እንደገና መፈተሽ ግድ ነው። እዚያ ስንደርስ የፍተሻው ሰልፍ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ጫፉ አይታይም። አውሮፕላናችን ሊነሳ የቀረው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከሰልፉ ጎን ሰው የሌለበት ሌላ በር አየሁ። በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ በዓረብኛ ጠየቅኳት። የከፈለ በዚህ በኩል ቶሎ ተፈትሾ ያልፋል አለችኝ። ጉቦ አይደለም፤ ደረሰኝ የሚቆረጥበት ነው። ገንዘቡ በመሐረብ ተቋጥሮ ደረቴ ውስጥ ነበር። ለሁለት ሰው ከከፈልኩ ፍሪጁ ቀረ ማለት ነው።

አልከፈልኩም። ያልከፈልኩት እኔ ነኝ።

የባሰው ግን ይህ አይደለም። ልቤ ሲወቅሰኝ ጊዜ የምደበቅበት ፈለግሁ፤ የተደበቅሁትም እሳቸው ጀርባ ነው። ወደ ሰልፉ ተመልሼ፣ እንዲያው የነፍሴን ጥያቄ እንደምጠይቅ ሆኜ፣ “መምሬ፣ የተሰለፈ ሰው እያለ ገንዘብ ከፍሎ መቅደም እንዴት ነው?” አልኳቸው።

“ነውር ነው እንጂ ልጄ፣ ሸጋ ሰው ተራውን ይጠብቃል” አሉኝ።

ይህን እንደሚሉ አውቅ ነበር። ሃያ ዓመት የተናዘዝኩላቸው ሰው ናቸው፣ መልሳቸውን እንዴት አላውቅም? በሩ ያው እዚያ ነው፣ የሚቀድሙትም እርስዎ ነዎት፣ የምትጠብቀውም የሻረግ ናት አላልኳቸውም። ብላቸው ኖሮ ምን ይሉ ነበር? አላውቅም። እንዳላውቅ ብዬ እኮ ነው አጣምሜ የጠየቅኩት። ከዚያ በኋላ የነፍስ አባቴን ቃል አከበርኩ ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ታዛዥነት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ተራችን ሲደርስ መምሬ ጫማቸውን አወለቁ፣ ጥምጥማቸውን ፈቱ፣ አላጉረመረሙም። መስቀሉን ግን ጫማ የተቀመጠበት ትሪ ላይ አላኖርም አሉ። በአገራችን ፈታሾቹ ለብቻው አድርገው አሳልፈውላቸው ነበር። እዚህ የሚያውቅላቸው የለም፤ አንዱ ፈታሽ ጮኸ፣ እኔ አስረዳሁ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ትሪ መጣና ነጠላቸውን አንጥፈው መስቀሉን አኖሩት። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እየተጎተትን መሳፈሪያው ጋ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ ገና እንደቆመ በመስታወቱ ይታየናል። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፤ የሚከፍት አልነበረም።

የሚቀጥለው አውሮፕላን በማግስቱ ቀትር ላይ ነበር። የሻረግ በማግስቱ ጠዋት ሞተች። የደረስነው ለሬሳዋ ነው። አብራት የምትሠራ የአገራችን ልጅ አልጋዋ አጠገብ ነበረች፤ እስከ መጨረሻው አባቴ ደረሱ ወይ እያለች በሩን ታይ ነበር አለችን።

መምሬ መስቀሉን ሬሳዋ ራስ ላይ አኖሩ። “ጥፋተኛው እኔ ነኝ። በመስቀል ስሟገት ልጄ አመለጠችኝ” አሉ።

እኔ ሰማሁ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አምስቱ ደቂቃ የእሳቸው፣ የሰልፉ ሰዓት የእኔ እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው መምሬ አልኳቸው። ስስቴን ለእግዚአብሔር ሰጠሁት።

ጎንደር ስንመለስ መስቀሉን ለደብሩ ሰጡና ሰው ሊሳለም ሲመጣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ትንሽ የእንጨት መስቀል ብቻ ያወጡ ነበር። ራሳቸው ላይ ቀኖና ጣሉ። በዚያ ባረጀ ጉልበት ይሰግዱ ነበር። ሰው ምነው መምሬ፣ ይበቃዎታል ሲላቸው፣ የኔን በደል አታውቁትም ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ፍሪጄን ገዛሁ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ሸጥኩ። በየጾሙ መግቢያ እየሄድኩ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ረቡዕ ቀን ተሳስቼ የቀመስኳትን ወተት እዘረዝርላቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሉኛል። ልጃቸው ያጣችውን ቃል እኔ በየጊዜው ከአፋቸው እየወሰድኩ እሄድ ነበር። በዚያው አፌም ቆረብኩ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። መምሬ፣ የዘገየነው በእኔ ነው። ይህን ብላቸው ከስግደታቸው ይነሱ ነበር። ምን አስፈራኝ? ይረግሙኛል ብዬ ነው? እሳቸው የሚረግሙ ሰው አልነበሩም። ሰው ይሰማል ብዬ ነው። ሱቄ ደንበኛ ያጣል ብዬ ነው። ድህነቴን አታንሱብኝ፤ ከእኔ የባሰ ደሀም ለዚያ መዋጮ እጁን ዘርግቷል። ይቅርታም አልለምናችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለቱ ናቸው፣ ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው።

ባረፉበት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው በሰው ተሞልቶ ነበር። መምሬ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰዉን አንድ በአንድ እየጠሩ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ያዙ።

“ልጄ፣ ያን ቀን በግትርነቴ አንቺንም አንገላታሁሽ። ሌላው ሰው አያውቅም፣ አንቺ ግን አይተሻል። ይቅር በይኝ።”

ሁሉም መልሴን ይጠብቃል። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት።

“ይቅር ለእግዚአብሔር፣ መምሬ” አልኳቸው።

እጄን ስመው እግዚአብሔር ይስጥሽ አሉኝ።