ጥሩሸዋና የጓሳው ድርሻ

ሞላሌ ውስጥ ጥሩሸዋ ባስልዮስን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ምግብ ቤት የሷ ነው። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው፤ ጨውና በርበሬ እሸጣለሁ። ስለሷ የሚወራውን ሁሉ ከራሷ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ፤ ግማሹ ውሸት መሆኑን የማውቀውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ሌላ ሰው አበላሽቶ ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

ጥሩሸዋ ወፍራም ነበረች። ወፍራም ስል ደልደል ያለች ማለቴ አይደለም፤ የምግብ ቤቷን ጓዳ በር በጎን ነበር የምታልፈው። በእኛ አገር ይህ ነውር አይደለም። «አምሮብሻል፣ ተመችቶሻል» ይሏታል፤ እሷም ደስ ይላታል። ባሏ ሲሞት ባዶ እጇን ቀርታ፣ ምግብ ቤት አቁማ፣ ሁለት ሴት ልጆች አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ናትና፣ ሰው ውፍረቷን የሚያየው የድካሟ ዋጋ አድርጎ ነበር። ጉልበቷ ግን እንዲህ አላሰበም። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ስትሄድ በየመንገዱ የምትቀመጥበት ድንጋይ ትፈልጋለች። ራሷን ያዞራታል። ደረጃ ካየች ፊቷ ይጠቁራል።

ከምግብ ቤቷ ሌላ የምትሳሳለት ነገር ቢኖር የፈታዮች ማኅበር ነው። ባላቸው የሞተባቸው፣ የተፈቱ፣ መሬት የሌላቸው ሴቶች ናቸው። የበግ ጸጉር ይፈትላሉ፤ ፈትሉ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለሚሠራ ሸማኔ ይሸጣል። መጀመሪያ ሲሰባሰቡ ቦታ አልነበራቸውምና ከጥሩሸዋ ቤት ጣራ ሥር ተደርድረው ነበር የሚሠሩት፤ ዝናብ ሲመጣ ደንበኛውን እያስነሳች እነሱን ታስገባለች። ኋላ ቀበሌው ቁራሽ ቦታ ሰጣቸው። ግድግዳውን ራሳቸው አቆሙ፤ ራሳቸው መረጉት። የቀረው ክዳኑ ነው። ያልተከደነ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ አንዱን ክረምት በላስቲክ ተሸፍኖ ቢያልፍ በሁለተኛው አፈር ነው የሚሆነው።

ጥሩሸዋ ያኔ አባቷን አስታወሰች። ባስልዮስ የጓሳ ዳር ሰው ነበሩ፤ ጓሳ ቤት የሚከደንበት ሣርም፣ ሣሩ የሚበቅልበት ደጋም ነው። በእነሱ አጥቢያ ደንብ ጓሳ ዝም ብሎ አይታጨድም፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሽማግሌዎቹ ሲከፍቱት ባለድርሻው ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣል። የሣሩ ዳኛ የየቤቱን ስም ይጠራል። የዚያ ቤት ልጅ በአካል ቆሞ «አለሁ» ይላል፤ በገዛ እጁም ያጭዳል። ወኪል የለም፣ ቅጥር አጫጅ የለም። ሌላው ሰው ማሰርና መሸከም ብቻ ይችላል። ተጠርቶ ዝም ያለ ቤት ሦስተኛውን ክፈት ካሳለፈ ድርሻው ለሌላ ይሰጣል። ጥሩሸዋ ለአባቷ አንድ ናት። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ «የባስልዮስ ቤት» ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለቴም ዝም ተብሏል፤ ጉልበቷ ከሞላሌ አላወጣትማ። በፈረስ አትሄድም ወይ ትሉ ይሆናል። ለፈረሱስ ማን ያዝንለታል? ደግሞስ ደርሳ ጎንበስ ማለት ካልቻለች ምን ዋጋ አለው?

ቀጣዩ ክፈት በመጪው ዓመት የካቲት እንደሚሆን ተሰማ። «እከሳለሁ፣ እወጣለሁ፣ አጭዳለሁ» አለች። እኔ ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነበር፤ የምሯን መሆኗን ያወቅኩትም ኮሶ ስትጠጣ ነው።

ኮሶ ለወጉ የሚጠጣው ለትል ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥሩሸዋ ግን የራሷን ሐሳብ አሰበች፤ ኮሶ ሆድን ጠርጎ ካወጣ ውፍረቱስ የት ይቀራል? አንዴ ጠጣች፤ ቀለል አለኝ አለች። ሳምንት ሳይሞላ ደገመችው። ምድጃው አጠገብ ተዘርራ ያገኘኋት እኔ ነኝ። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ተሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ ነበር፤ እኔም እየጮህኩ ነበር።

ነርሷ ሲስተር ጽናት ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት። ጥሩሸዋ ጉሉኮስ ተሰክቶላት ነፍስ ስትዘራ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ኮሶውን የጠጡት ለምንድን ነው?»

«ለመክሳት።»

«የወጣው ውኃዎ ነው። ስቡ ከነበረበት አልተነቃነቀም። አንዴ ቢደግሙት ኖሮ ነፍስዎን ይዞት ይሄድ ነበር።»

«እኔኮ ጾመኛ ነኝ ልጄ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ አንዱንም አላስታጉልም። በምን እንደምወፍር ራሴም አይገባኝም።»

«ጾሙ የራስዎ ነው፤ በሱ አልገባም። ከቅዳሴ ሲወጡ ምን ይበላሉ?»

ጥሩሸዋ ጣራ ጣራውን አየች። ጎረቤት መሆን ለዚህ ነው፤ እኔ መለስኩ። ሽሮው ዘይት ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ የዋለችውን ሁሉ በአንድ ትሪ እንደምትበቀል፣ በዚያ ላይ ጠላ፣ በጠላው ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ደግሞ ለደንበኛ የሚሠራውን «ጨው በዛ ወይ» እያለች ስትቀምስ እንደምትውል ተናገርኩ። ጥሩሸዋ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሲስተር ጽናት ሳቋን ዋጠች።

ከዚያ የነገረቻትን ሁሉ ሰማሁ፤ ምንም ተአምር የለበትም። ዘይቱን ቀንሺ፣ ስኳሩን ተይ፣ ጠላውን ለዓመት በዓል አድርጊው፣ ጎመኑንና ባቄላውን አብዢ፣ ርቦሽ አትዋይ ጠግበሽም አትተኚ፣ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ፣ ለደም ግፊትሽ እየመጣሽ ተለኪ፤ እንዲህ ነው ነገሩ። እሷ በአክብሮት ነው ያለችው፤ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። አንድ ነገር ግን እንዳለችው ልናገር፤ «በአንድ ወር አይከሱም። በአንድ ወር አከሳለሁ የሚል ከመጣም ይሽሹት።»

መብሉን መቀነስ ከባድ ነበር፤ መሄዱ ግን ባሰ። በእኛ አገር ያለ ጉዳይ የሚመላለስ ሰው ወይ ከሳሽ ነው ወይ እብድ ነው። «ጥሩሸዋ ወዴት ነው?» ሲሏት «ለጤናዬ» ብላ ትመልሳለች፤ ይሣቅባታል። በሦስተኛው ቀን ተናድዳ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ነገር መጣላት። ከፈታዮቹ መካከል በየገጠሩ ዳር የሚኖሩ አሉ፤ ጸጉር ለመውሰድና ፈትል ለማስረከብ ሕፃን አዝለው ነበር ከተማ የሚመላለሱት። ጥሩሸዋ ያን ሥራ ለራሷ አደረገችው። ጸጉሩን በጀርባዋ አዝላ፣ እንዝርቷን በእጇ ይዛ፣ እየፈተለች ትሄዳለች፤ ፈትሉን ሰብስባ ትመለሳለች። የሚፈትል ሰው ወዴት ነህ አይባልም። መጀመሪያ ከድንጋይ ድንጋይ እያረፈች ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ድንጋዮቹን አልፋቸው መሄድ ጀመረች። ለገና የጓዳውን በር ፊት ለፊት ገባች፤ አይቼ እልል አልኩ፤ ደንበኛው ሠርግ መስሎት ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። የአገሬ ሰው መወፈርን ይመርቃል፣ መክሳትን ያማል። ያን ጊዜ ደግሞ የከሳ ሰው ሁሉ ስም አንድ ነበር፤ ያ በሽታ ይዞታል ነው። ምግብ ቤቷ ጭር አለ። ሰዎች በሯ ላይ ደርሰው መንገድ ይቀይራሉ። እኔ ደሜ ፈላ። «ተመርምረሽ የለም ወይ? ንጹሕ ነኝ ብለሽ ገበያ መሐል ማይበት!» አልኳት።

«አልምልም» አለች። «ከልጆቼ አንዷ ከበሽታው ጋር ነው የምትኖረው።» «ልጆቼ» የምትለው ፈታዮቹን ነው። «እኔ ንጹሕ ነኝ ብዬ ስምል እሷ ምን ልትባል ነው? ወሬው ሲሰለቸው ይሄዳል።»

በርበሬዬን ልነፋ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ጥር ላይ አባይነህ የሚባል ነጋዴ ከወደ ደቡብ መጣ። በመኪናው ላይ ድምፅ ማጉያ፣ በካርቶን የታሸገ ዱቄት፤ ካርቶኑ ላይ ወገቧ እንደ እንዝርት የቀጠነ ፈረንጅ ሴት። በሻይ እየተበጠበጠ ይጠጣል፣ በወር ያከሳል ይላል። ስለ ጥሩሸዋ ሰምቶ ምግብ ቤት ገባ፤ እኔም በርበሬ ላደርስ መስዬ ገባሁ።

«እትዬ፣ ብዙ ነገር አልጠይቅዎትም» አለ። «ቅዳሜ ገበያ ላይ ከመኪናው ይወጣሉ፤ ይህን ጠጥቼ ነው የከሳሁት ይላሉ። ለሴቶቹ ቤት የሚበቃ ቆርቆሮ በማግስቱ አወርዳለሁ። የበጎ አድራጎት ሥራ ነው።»

«አልጠጣሁትም እኮ።»

«ከስተዋል አይደል? ታዲያ በዚህ ነው የከሳሁት ቢሉ ማንን ይጎዳል?»

ጥሩሸዋ እጇን በማድቤት ጨርቅ ጠረገች። «እኔ ኮሶ ጠጥቼ በቃሬዛ የሄድኩ ሰው ነኝ። በዱቄትህ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም፤ አንተም የምታውቅ አትመስልም። እኔን አምና የምትጠጣው ሴት ብትወድቅ፣ ቃሬዛዋን ማን ይሸከምልኛል? ጎረቤትም የሌላት አለች። በምን እንደከሳሁ የሚጠይቀኝ ካለ በነፃ እነግረዋለሁ። ሂድ በል፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል።»

ነጋዴው ወጣ። ነገሩ ግን ማኅበሩ ዘንድ ደረሰ፤ ያደረስኩት እኔ አይደለሁም፣ ግድግዳው ስስ ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ አማከለች እንዝርቷን እንደያዘች መጣች። ይቺ ሴት ባሏ ሲሞት ከነልጆቿ በአማቾቿ ከቤት የተባረረች ናት፤ ያቺ የጭቃ ግድግዳ ለሷ ብዙ ነገር ናት።

«ለአንድ ቃል ብለሽ?» አለች። «ለአንድ ቃል ብለሽ ግድግዳችንን ለክረምት ታስበዪብን? አንቺ ጣራ አለሽ፣ እትዬ። እኛ ነን የሌለን።»

«የካቲትን ጠብቂኝ።»

«ሦስተኛው ክፈት ነው። ብትደክሚስ? መንገድ ላይ ብትቀሪስ?»

አማከለች እውነቷን ነበር። ቆርቆሮው የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ሣሩ ግን በጥሩሸዋ ሁለት ጉልበት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የካቲት ላይ ወጣን። ጥሩሸዋ፣ አማከለች፣ አቅም ያላቸው ፈታዮች፣ እኔም ጭምር፤ ሱቄን ዘጋሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር በወሬ አይሰማም። በየመንደሩ እያደርን፣ ቀዝቃዛው ነፋስ ጆሯችንን እየቆረጠው ነው የወጣነው። የመጨረሻው ዳገት ላይ ጥሩሸዋ ፊቷ ተቀየረ፤ ቆመች። ሁላችንም ቆምን። አማከለች ክንዷን አቀረበችላት። ጥሩሸዋ አየቻት፤ አልያዘችውም። «ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ ነው» አለችና ቀጠለች። እንዝርቷ አልቆመም።

በክፈቱ ቀን ሜዳው ሰው በሰው ነበር። የሣሩ ዳኛ አባ ወልደ አማኑኤል፣ ባናቸውን ተከናንበው፣ በዱላቸው ተደግፈው እየጠሩ ነው። የተጠራው ሁሉ «አለሁ!» ይላል፤ ሁሉም የወንድ ድምፅ ነው።

«የባስልዮስ ቤት!»

ሰው ሁሉ ሌላ ስም መጠበቅ ጀመረ። የለመዱት ዝምታ ነበርና።

«አለሁ!» አለች ጥሩሸዋ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። በሕዝቡ መሐል ዓይናቸው አንዲት ትልቅ ሴት እየፈለገ ተንከራተተ። «ማነው አለሁ ያለው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ጥሩሸዋ ባስልዮስ።»

ቀርበው አዩዋት። «የባስልዮስ ልጅ ወፍራም ነበረች።»

«ልክ ነዎት፣ ነበረች።»

«ምነው ልጄ፣ ታመሽ ነው?»

«አይ፣ ድኜ ነው።»

በዱላቸው ድርሻዋን አሳዩዋት። «የአባትሽ ነው፤ እጨጂው።» ማጭዷን አውጥታ ጎንበስ አለች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስታጭድ እኛ ማጭድ መንካት አይፈቀድልንምና ከኋላዋ ነዶውን እናስር ነበር። አንዳንዱ አጫጅ የራሱን ትቶ ያያታል። እኔ አለቀስኩ፤ ነፋሱ ነው ብያለሁ፣ ነፋሱ አልነበረም። በሕይወቴ በሰው የኮራሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው፤ ጎረቤቴ በመሆኗ ብቻ የኔ ሥራ የሆነ ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

ቤቱ ግንቦት ላይ ተከደነ። የጓሳ ሣር ወፍራም አድርገው ሲከድኑት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ ወረደ፤ የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ እኔ ከሱቄ ሮጬ ፈታዮቹ ዘንድ ገባሁ። ውስጡ ጸጥ ያለ ነበር። እንዝርቶቹ ሲሽከረከሩ ይሰማሉ። ሴቶቹ ድምፃቸውን ሳያነሡ እያወሩ ነው።

አማከለች ከዚያች የጥር ቀን ወዲህ ስለ ቆርቆሮው አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ጸጉር ከእንዝርቷ ጫፍ እየሳበች፣ ማንንም ሳታይ፣ «ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ እኮ» አለች፣ «ይኼኔ አንሰማማም ነበር።»