ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የላብ፣ የእርጥብ ካልሲና ለሽንት ጥግ ላይ የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ሽታ። ከፀሐይ ስለገባሁ ሰው አልታየኝም። «እግራችሁን ሰብስቡ፣ እንግዳ መጣ» አለ አንዱ። ዓይኔ ቀስ እያለ ሲለምድ ሃያ የሚሆን ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ከጠባቧ መስኮት ሥር ያሉትን ሽማግሌ አየሁ። ምነው እሳቸው ባልሆኑ አልኩ። እሳቸው ናቸው።

«ምነው፣ አንተንም?» አሉኝ ደንግጠው። ከጎናቸው ያለውን ሰው ጠጋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

ከኮሶዬ ማዶ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔ የጎንደር ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ያን ጊዜ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የተገናኘነው ከአሥር ቀን በፊት ነው። ከተማው በተረበሸበት ክረምት ማብቂያ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ አስተማሪዎችን አዳራሽ ሰብስበው አወያዩን። መድረክ መሪው «በትምህርት ጥራት ላይ ሐሳባችሁን በነጻነት ግለጹ» አለ። ይህን የሰማ አስተማሪ አንገቱን ይደፋል እንጂ እጁን አያወጣም። እሳቸው አወጡ።

«ሦስተኛ ክፍል ሰባ አንድ ልጆች ነበሩኝ። አርባ ሦስቱ ማንበብ አይችሉም። አዛውር ስለተባልኩ ሁሉንም አራተኛ ክፍል አዛውሬያቸዋለሁ። ወደ ላይ የሄደው ሪፖርት ውሸት ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»



የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። ጽሕፈቱ ያምራል ብለው መረጡኝ፤ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ነባር አስተማሪ ቃለ ጉባኤ ሲይዝ «ከቤቱ የተነሱ ሐሳቦች» ብሎ ይጀምርና ማን ምን እንዳለ ሳይጽፍ ያልፋል። ደንቡ የትም አልተጻፈም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። እኔ ግን እያንዳንዱን ተናጋሪ ስሙን ከነአያቱ፣ ከነትምህርት ቤቱ አሰፈርኩት። ስሞቹን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩባቸው። አይ እኔ! ጎበዝ ልባል ብዬ!

እሳቸውን ወዲያው ወሰዷቸው። እኔን ትንሽ ቆይተው «ጽሕፈትህን አረጋግጠህ ትመለሳለህ» ብለው ከቤቴ ይዘውኝ መጡ። ባለቤቴ የመውለጃዋ ሳምንት ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ከጎናቸው ተቀምጬ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ለምን ገባህ አላሉኝም። የምናወራው ስለ ማስተማር ብቻ ነው።

«ልጆቹን አንድ ለአምስት አደራጁ ተባልን» አሉኝ። «አንዱ ያነባል፣ አምስቱ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተቆጣጣሪው ይመጣና ቡድኑ ሸጋ ይሳተፋል ብሎ ጽፎ ይሄዳል። እኔም ዓመቱን ሙሉ ተታለልኩ። አንድ ቀን አንዷ ልጅ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ይዛ ስታነብ አየኋት። አንድ ቃል አልሳተችም። ወይ ጉድ! ለካ ምንባቡን በቃሏ ይዛዋለች። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ እየጠራሁ ከመጨረሻው ቃል ወደ ኋላ አስነበብኳቸው። አርባ ሦስቱ አቃታቸው።»

«ከዚያስ ምን አደረጉ ጋሼ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ዓመቱ አልቆ ነበር። አዛወርኳቸው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አራዳ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ከወዲያ ሲያዳምጠን ቆይቶ «ወላሂ እናንተ አስተማሪዎች አትማሩም! በስብሰባ ገብታችሁ እዚህም ስብሰባ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ጽሕፈትህ ነው?»

«ነው።»

«እንዲህ ማለታቸውን አረጋግጠህ ትፈርማለህ፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ባለቤትህ ደርሳለች አሉ። እስከ ከሰዓት አስብበት።»

ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ስምዎን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

«አውቃለሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ስትጽፍ አይቼህ የለ?»

«እክዳለሁ። እሳቸው አላሉም፣ እኔ ነኝ ተሳስቼ የጻፍኩት እላለሁ።»

ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ተሳስቼ ነው ካልክ ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ ማለት ነዋ! ሠላሳ ዓመት አስተምሬ አንድ ቀን እውነቱን በሰው ፊት ተናገርኩ፤ እሷንም ልትወስድብኝ ነው? ደግሞ ያችን ነፍሰ ጡር ማን ሐኪም ቤት ያድርሳት? ፈርም።»

ከሰዓት ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠሩን። መርማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «ከልጆቹ አርባ ገደማ የሚሆኑት ማንበብ እንደማይችሉ…»

«ቆይ የኔ ልጅ» አሉት። «አርባ ገደማ አላልኩም። አርባ ሦስት ነው ያልኩት።»

ስማቸውን ከነአያታቸው አሳምሬ ጽፌ ቁጥሩን ገምቼው ኖሯል። መርማሪው ቀና ብሎ አያቸው። «አባት፣ ለእርስዎ ምን ይለውጣል?»

«ለሦስቱ ልጆች ይለውጣል። ያስተካክለውና እፈርማለሁ።»

መርማሪው እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ሰርዤ «አርባ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ከተሰረዘው በላይ አጨናንቄ ስለጻፍኩት ያ የሚያምር ጽሕፈቴ የልጅ ጽሕፈት መሰለ። እሳቸው የኮታቸውን አቧራ አራገፉ፣ ቁልፉን ቆለፉ፣ ቆመው ፈረሙ። ከሥራቸው እኔ ፈረምኩ።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ልጃችን በሁለተኛው ቀን ተወለደች። እሳቸው ማረሚያ ቤት ከዓመት በላይ ቆዩ። ልጠይቃቸው አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም። ፈራሁ።

ከተፈቱ በኋላ አራዳ መንገድ ላይ ተገናኘን። በጣም ከስተዋል፤ ወደ ሥራም አልመለሷቸውም። አቅፈው ሳሙኝ። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ መረቁልኝ። ቀጥለው «ዘንድሮ ስንት ተማሪ ሰጡህ?» አሉኝ።

«ስልሳ ስምንት።»

«ማንበብ የማይችሉትስ?»

 አንዱንም ለብቻው አስነብቤ አላውቅም ነበር። ያለፈው ዓመት ልጆቼንም ሁሉንም አዛውሬያቸዋለሁ። ገባቸው መሰል፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በል ባለቤትህን ሰላም በልልኝ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ማረፋቸውንም የሰማሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው።

አሁን ጊዜው ተቀይሮ ታስሬ ነበር ስል ሰው ያከብረኛል፤ ወንበር ይለቅልኛል። የታሰርኩት ሦስት ቀን ነው። ስለ ሦስቱ ቀን ሲጠይቁኝ እናገራለሁ። ከተፈታሁ በኋላ ክፍል ገብቼ ምን እንዳደረግሁ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።