ከምርመራው በፊት የሮጥንባቸው ጠዋቶች

የተመዘገብነው ሰኞ ነው፤ እኔና ጓደኛዬ። የቀበሌው ጸሐፊ ስማችንን ጽፎ ሲጨርስ የሩጫ ፈተናውና የጤና ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ እንደሚሆን፣ ቀኑም ከተመዝጋቢዎቹ ስም ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንደሚለጠፍ ነገረን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ደግሞ እስከዚያ ብዪ» አለኝ። ጓደኛዬ ሳቋን እንደምንም ይዛ ቆይታ ከግቢው ስንወጣ ለቀቀችው።

ጸሐፊው አልተሳሳተም። ረጅም ነበርኩ፤ ክብደቴ ግን አርባ ሦስት ኪሎ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ አንድ ዓመት ሙሉ ነገሌ ውስጥ ከቤት ወደ ቸርች፣ ከቸርች ወደ ቤት ስመላለስ ከርሜ ነበር። ለምን ወታደር መሆን እንደፈለግኩ ቢጠይቁኝ የሚያኮራ መልስ አልነበረኝም። ከከተማው መውጣት ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት በር ያ ነው። የጓደኛዬ ሌላ ነበር። ቤታቸው ከጦር ሰፈሩ አጥር ብዙም አይርቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ወታደሮቹ ጠዋት ጠዋት ሲሮጡ እያየች ስላደገች የሰልፍ ትእዛዙን እንደ እነሱ ታውቀው ነበር።

መመዝገቤን ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እናቴ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። አባቴ መምህር ሆኖ ሞያሌ ስለተመደበ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አባትሽ ያውቃል?»

«ነገ እደውልለታለሁ።»

«በዚህ ክብደትሽ አይቀበሉሽም» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለበሽተኛ በምትናገርበት ድምፅ ነው ያለችው።

ቅዳሜ ግን ክሊኒክ ወስዳ ሚዛን ላይ አቆመችኝ። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ከጎኔ ቆማ እያየች በየቅዳሜው አቆመችኝ። እንደማትፈልገው እያወቅኩ ለምን እንደምትረዳኝ ስጠይቃት፣ «መሄድሽ ካልቀረ ሰው ሆነሽ ሂጂ ብዬ ነው» አለችኝ።

የሚያሠለጥነን ሰው ያገኘችው ጓደኛዬ ናት። የተማርንበት ትምህርት ቤት ዘበኛ የድሮው ጦር አስር አለቃ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ሲበተን እዚሁ ቀርተው አግብተው ወለዱ። ግራ እግራቸውን ያነክሳሉ። በር ላይ ቆመን የመጣንበትን ስንነግራቸው መጀመሪያ ያዩት ፊታችንን ሳይሆን ጫማችንን ነው። የእኔ አሮጌ ሸራ ጫማ፣ የእሷ ኮንጎ ነበር።

«ካልሲ አላችሁ?»

«አለን» አልን።

«ሩጫ ማንም ይሮጣል። ወታደርን የሚጥለው እግሩ ነው። ሁለት ሳምንት ትራመዳላችሁ፤ መሮጥ የለም።»

«አስር አለቃ፣ ፈተናው እኮ ሩጫ ነው» አለች ጓደኛዬ።

«ፈተናው ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይራመድልሻል?»

ሁለት ሳምንት ውኃ የሞላ ጄሪካን በጀርባችን አዝለን ተራመድን። ማልደን፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከከተማው በሚወጣው ቀይ አፈር መንገድ ላይ። ገበያ የሚመጡ ሴቶች እንስራ እንደሚሸከም ሰው ሳይሆን እንደ እብድ ያዩን ነበር፤ ውኃ ይዞ ከከተማ የሚወጣ ሰው አይተው አያውቁም። «አካም» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉናል፣ «ናጋ» እንላለን፤ አልፈን ስንሄድ ይስቃሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሩጫ ተፈቀደልን። አስር አለቃው ከከተማው ወጣ ብለው ያሉትን ሦስት ግራሮች መዞሪያ አደረጉልን። ደርሶ መልስ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፣ በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ አሉ። የመጀመሪያ ቀን ግራሮቹ ጋ ሳልደርስ አስታወከኝ። ጓደኛዬ ደርሳ ተመልሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አንዳንድ ጠዋት የጦር ሰፈሩ ወታደሮች እየዘፈኑ ያልፉናል። እሷ የምታየው ፊት ፊት ያሉትን ነበር። እኔ የማየው መጨረሻ ላይ የሚቀሩትን ሁለት ሦስት ሰዎች ነው፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ መዝፈኑን ትተው የሚሮጡትን። እነሱም ወታደር ሆነዋል እያልኩ እጽናና ነበር።

ለክብደቴ ደግሞ ጓደኛዬ ከቤታቸው የግመል ወተት ታመጣልኝ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ ውስጥ አልረጋ አለኝ። ቀስ በቀስ ለመድኩት። ኦቾሎኒና ገንፎ እናቴ ጨመረችበት። በወሩ ሚዛኑ አርባ አራት ተኩል አለ።

የጓደኛዬ አባት ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። መመዝገቧን አልነገረቻቸውም። እኔን ሐኪም ሩጪ ብሎ እንዳዘዘኝና እሷ ለጓደኝነት እንደምትወጣ ነበር ያለቻቸው። አንድ ጠዋት ከግራሮቹ ስንመለስ አንዲት ባጃጅ ከኋላችን በዝግታ ትከተለን ጀመር። አታልፍም፤ ጥሩንባም አትነፋም። ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችና መሮጧን አቆመች። ከኋላ ወንበሩ ላይ አባቷ ኮፍያቸውን አድርገው ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልተን» አሉን፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

«ናጋ» አልን፤ ትንፋሽ ስላጠረን በቅጡ አልወጣም።

«በሽተኛዋ የትኛዋ ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

እኔ እጄን አወጣሁ። እሳቸው ግን የሚያዩት ልጃቸውን ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ስምሽን ሰሌዳው ላይ አነበብኩት» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኦሮምኛ ብዙ ተነጋገሩ። እሷ መሬት መሬት እያየች አጭር አጭር ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትሮጡት?» አሉኝ።

«አምስት፣ አባ።»

ባለባጃጁ ከፊት ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። መቁጠሪያውን ከከተማው መውጫ ጀምሮ አይቶት ነበር። ግራሮቹ ጋ ደርሶ መልሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ከግማሽ እንኳ አይሞላም አለ።

አባቷ ሳቁ። ለረጅም ጊዜ ነው የሳቁት። «እኔ እምቢ ልል ነበር የመጣሁት» አሉ። «ግን ለፈተናው ሄዳችሁ በዚህ ብትወድቁ ሰው ምን ይለኛል? ጨርቅ እንኳ ሲጎድል ገዢ ይመለሳል።»

በማግስቱ ለአስር አለቃው ነገርናቸው። እግራቸውን አዩ። የለኩት በጤነኛ ሰው እርምጃ አስበው፣ የተራመዱት ግን በሚያነክስ እግር ነበር። ያን ቀን መዞሪያውን ከግራሮቹ አልፎ ወዳለው ድልድይ አዛወሩት፤ እኛም ስለ ጉዳዩ ዳግመኛ አላነሳንም።

የፈተናው ቀን ብዙ ሰው መጣ። ከሻኪሶ ሳይቀር የወርቅ ቁፋሮ ትተው የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ከሴቶች ጓደኛዬ አንደኛ ወጣች። እኔ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበርኩ፤ ግን በሰዓቱ ገባሁ። ሚዛኑ አርባ ሰባት አለ። መዝጋቢው ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ጻፈና «እለፊ» አለኝ።

ጓደኛዬ ሐኪሙ ክፍል የገባችው ከእኔ በፊት ነበር። ቆየች። በበሩ ክፍተት ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ፣ አንስቶ፣ መልሶ ሲያደርግ አየሁ። ስትወጣ በእጇ ወረቀት ይዛለች። ልቧ ላይ ድምፅ አለ፣ ትልቅ ሆስፒታል ሄዳ ትታይ ተብሏል። አልተቀበሏትም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ እኔ ባለመሆኔ እፎይታ ነው። ሐዘኑ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ለመምጣት ብዙ ባይቆይም በኋላ ነው የመጣው።

አባቷ ከውጭ አጥሩ ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ መልሰው ሰጧት። «እምቢ የምለው እኔ ነበርኩ» አሉ። «አሁን ማን እምቢ እንዳላት አላወቅኩም።» እሷ አላለቀሰችም። ጫማዋን አውልቃ አቧራውን አራገፈች፤ አደረገችውና ወደ ቤት ሄዱ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጓደኛዬ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ትታመም እንደነበር፣ ጉልበቷ ያብጥ እንደነበር ከእኔ ጠይቃ ተረዳች። «ሦስት ወር ሙሉ በየቅዳሜው አንቺን ስመዝን ከጎንሽ ቆማ ነበር» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ደረቷን አላዳመጥኳትም።» ሰውነቷ ጠንካራ ስለነበር ማንም አላሰበውም። ከዚያ በላይ ሸክም ጨምረውባት ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሽታው ከልጅነቷ የጉሮሮ ሕመም የመጣ የልብ ሕመም መሆኑ ተጣርቶ ሲመጣ በየወሩ መርፌ እንድትወጋ ታዘዘላት። የምትወጋት እናቴ ነበረች።

እኔ ሄድኩ። ሥልጠናው ውስጥ ሩጫው ከፈራሁት ቀለለኝ። የከበደኝ መቆም ነው፤ ፀሐይ ላይ ያለ ምክንያት፣ ያለ እንቅስቃሴ መቆም። ለእሱ ማንም አላዘጋጀኝም። በአራተኛው ቀን ወደቅኩ፤ ውኃ አፈሰሱብኝና ተነስቼ ቆምኩ። እግሬ ግን እስከ መጨረሻው አልቆሰለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ወጥቼ ነገሌ ስመለስ ጓደኛዬን አባቷ ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ ጨርቅ ትለካለች። ወፍራለች፤ ፊቷ ጥሩ ነበር። አጠገቧ በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠችኝና መጠየቅ ጀመረች። ስንት ሰዓት ያስነሷችኋል? አልጋ እንዴት ነው የሚነጠፈው? መሣሪያ የሰጧችሁ በስንተኛው ሳምንት ነው? ገዢ ሲመጣ ታቆማለች፤ ሲሄድ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሁሉንም መለስኩላት። ሳላሳምርም ሳላከፋም ነገርኳት።

«ስንት ሰው አቋርጦ ወጣ?» አለችኝ።

«ከእኛ ክፍል ሰባት ሴቶች።»

ጥቂት አሰበች። «እኔ አልወጣም ነበር» አለች።

«አትወጪም ነበር» አልኳት።

አንዲት ሴትዮ ለልጇ ዩኒፎርም ጨርቅ ፈልጋ ገባች፤ ጓደኛዬ በኦሮምኛ ሰላም ብላት ሜትሩን አነሳች።