አምስት ጎል ያገባሁበት እሁድ

እህቴ ዐረብ አገር የሞተችው ሐሙስ ነው። እኔ የሰማሁት ሰኞ ጠዋት ነው። በመካከል ያለውን እሁድ መስክ ላይ ስንጫወት ዋልን። ስለዚያ እሁድ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ትንሽ እሄድና አቆማለሁ።

የመስቀል ሰሞን ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ቅዳሜ ማታ ሳይታሰብ ከከላላ በበቅሎ መጣ። በቅሎዋ በላብ ርሳለች። እናቴ «በደህና ነው?» ስትለው «ናፍቃችሁኝ ነዋ» አለ። እሁድ በማለዳ ደግሞ ሁላችንም ወጣ ብለን መስክ ላይ እንዋል አለ።

«ቅዳሴውስ?» አለችው።

«ዛሬ ይቅርብሽ እታለም። እግዜር አይቆጣም።»

«በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ሽርሽር ልትወስደኝ ነው?»

«አዎ። ዳቦሽን ያዢ፣ ደብተርሽን ተይው።»

እናቴ ሳቀች። ነጠላዋን ለበሰችና ወጣን። ጎረቤታችን ባለሱቁና የክፍል ጓደኛዬ የሆነው ልጁም አብረውን መጡ። ስድስት ሰባት የሰፈር ልጆችም ተከተሉን። በዋናው መንገድ አልሄድንም። አጎቴ ጭቃ ነው ብሎ በጓሮ በኩል፣ በባሕር ዛፉና በባቄላው ማሳ መካከል ወሰደን። ጭቃው በዚያ በኩል ይብስ ነበር። እናቴ ሁለት ጊዜ አዳለጣት፤ አጎቴ ክንዷን ይዞ አልለቀቃትም።

መስኩ ከከተማችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ ነው። ዳር ዳሩ ገደል ነው። ከገደሉ በታች አገሩ እየወረደ እየወረደ ወደ ዓባይ ይሄዳል።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሰፈራችን ስልክ የነበረው ባለሱቁ ጋ ብቻ ነው። እህቴ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ትደውላለች፤ እኔና እናቴ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃታለን። ባለፈው ተራዋ አልደወለችም ነበር። እኔ ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልፌ ነበር፤ እሷ ገና አልሰማችም። «ካለፍክ በስልኩ ውስጥ እልል እላለሁ፤ ማዳም ብትሰማም ትስማ» ብላኝ ነበር። የዚያን ቀን የምጠብቀው ያንን እልልታ ነበር። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ኳስ ጀመርን። ጓደኛዬ ሲጫወት ኳሱን ትቶ እግር ነው የሚመታው። ያን ቀን ግን ወደ እሱ ስሄድ ገለል አለልኝ። መታሁ፤ ገባ። ማንም «ጎል» ብሎ አልጮኸም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድንጋዩን ነክቷል፣ አልነካም እያልን ልንደባደብ እንደርሳለን። ሁለተኛም አገባሁ።

«ምነው? ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ነህ ዛሬ የቻልከው» አለ ጓደኛዬ።

«በቀደም እኮ እግርህ የተገጠመው ተገልብጦ ነው ስትለኝ ነበር።»

«ተሳስቼ ነው።»

ወላሂ፣ ያ ልጅ ከዚያ በፊት ተሳስቼ ነው ብሎ አያውቅም።

እናቴና አጎቴ መሬቱን ጎድጎድ አድርገው ገበጣ ይጫወቱ ነበር። አጎቴ ጠጠር በእጅጌው የሚደብቅ አጭበርባሪ ነው። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ተሸነፈ።

«ሌባው! ምነው እጅህ ተያዘ?»

«አርጅቼ ነው እታለም።»

«ከእኔ ቀድመህ?»

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስትስቅ ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ ልጆቹም ጭምር። ባለሱቁ ተነሥቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ለሶላት መስሎኝ ነበር። አልሰገደም።

ከዚያ አንዲት የምናውቃት ሴት እንጨት ተሸክማ በመስኩ ዳር መጣች። እናቴን ስትስቅ ባየቻት ጊዜ እግሯ ቆመ። እጇን ወደ አፏ ወሰደች። አጎቴ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሥቶ ሮጠና አንድ ነገር አላት። ሴትዮዋ ሰላም ሳትለን ዞራ በመጣችበት ተመለሰች።

«ምነው፣ ምን አድርገናት ነው?» አለች እናቴ።

«ጥርሷን አሟት ነው።»

«ጥርስ ያመመው ሰው እንጨቱን ይዞ ወደ ጫካው ይመለሳል?»

አጎቴ ጠጠሩን ማደል ጀመረ። «ተራሽ ነው» አላት። ተራዋ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ጉሙ ከገደሉ ወጣ። መጀመሪያ በሣሩ ላይ ተሳበ፤ ከዚያ ከወገባችን በታች ዋጠን፤ ከዚያ ሁሉንም። የእናቴ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አልለይም። ኳሱ ከጉሙ ውስጥ ተንከባልሎ እግሬ ሥር መጣ፤ ከኋላው የሚሮጥ ሰው አልነበረም። አምስተኛውን ያገባሁት ያን ጊዜ ነው። በረኛው በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። ኳሱ በጎኑ ሲያልፍ እጁን አላነሣም።

«አምስት» አልኩ።

«አምስት» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ አላውቅም። ወደ ትልልቆቹ ሄጄ ባለሱቁን ሰዓት ጠየቅሁት።

«ስምንት ተኩል» አለ።

«እንግዲያው ልሂድ። ዛሬ ሳትደውል አትቀርም።»

«ሱቁ ዝግ ነው።»

«እሁድ ዘግተው ያውቃሉ እንዴ ጋሼ? ስልኩን ማን ሊያነሣው ነው?»

አጎቴ «መስመሩ ተበላሽቷል» አለ። ባለሱቁ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት «ሚስቴ አለች» አለ።

እናቴ ጠጠር በእጇ እንደያዘች አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች። ምንም አልጠየቀችም። ለምን እንዳልጠየቀች እስከ ዛሬ አስባለሁ።

እኔ መንገድ ጀመርኩ። ጓደኛዬ ሮጦ ደረሰብኝና እጅጌዬን ያዘ።

«አትሂድ።»

«ልቀቀኝ።»

«አብሽር፣ እንጫወት። ስድስተኛውን አግባብን።»

ቢሰድበኝ እሄድ ነበር። እየለመነኝ ነበር። ተመልሼ ተጫወትኩ።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ወሬው ዓርብ ዕለት በሱቁ ስልክ መጥቶ ነበር። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። እናቴ ደም ብዛት አለባት። ወረኢሉ የሚያስተምረው ታላቅ ወንድማችን እስኪደርስና ዘመድ እስኪሰበሰብ ድረስ መርዶው ሰኞ ጠዋት ይሁን ተባለ። እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ወይም መንገድ ላይ አንዷ አይታት እንዳታለቅስ ከከተማው አወጡን። ለልጆቹም ነግረዋቸው ነበር። ጥፋት አድርገዋል አልልም። ያን ቀን ግን በሕይወት ካለ ሰው ጋር የተጫወትኩ አይመስለኝም።

ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ ነቃሁና በሩን ከፈትኩ። ደጃችን ላይ ሰዎች ቆመዋል። አሥራ አምስት ይሆናሉ፤ አንድም ድምፅ አልነበረም። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። አጎቴ፣ ባለሱቁ፣ የንስሐ አባታችን። መጨረሻ ላይ ታላቅ ወንድሜን አየሁ። ወረኢሉ መሆን ነበረበት።

«እሷ ናት?» አልኩ።

ወንድሜ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ ሊያቅፈኝ መጣ። ወደ ኋላ አልኩና በሩን በጀርባዬ ያዝኩት።

«እናቴ ተኝታለች።»

«ልጄ፣ እንግባ። ፀሐይ ሳይወጣ ነው ወጉ።»

«ፊቷን ትታጠብ። አንድ ሻይ ትጠጣ። ከዚያ ትገባላችሁ።»

አጎቴ ቄሱን አየ። ቄሱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ሌሎቹም እሳቸውን ተከትለው በአጥሩ ሥር ተቀመጡ።

ገባሁና በሩን ቀረቀርኩ። እሳት አነደድኩ። ሦስት የክብሪት እንጨት ሰበርኩ። እናቴ ነቃች።

«ማነው ውጭ?»

«ማንም።»

ውሃ አፈሰስኩላት፤ ታጠበች። ሻዩን ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና «ስኳር አብዝተሃል» አለችኝ። ቀጥላም «በሚመጣው እሁድ የትም አንሄድም፤ ስልኩ ጋ ነው የምንውለው» አለች።

«እሺ» አልኩ።

ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳሁላት። ጥቂት ጥቂት እያለች ጠጣች። አልቸኮለችም፤ እኔም አላቸኮልኳትም። ብርጭቆውን ባዶውን ስታስቀምጥ ተነሥቼ መቀርቀሪያውን ሳብኩ።