የግዛቸው ቀለሃዎች

ባለፈው ጥር ለእህቴ ልጅ ሠርግ ገርጂ ወዳለ አንድ አዲስ ሆቴል ሄጄ ነበር። እንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ ጉልበቴ የሚደርስ የነሐስ ዕቃ ቆሞ የላስቲክ አበባ ተሰክቶበታል። ሰው ሁሉ የአበባ ማስቀመጫ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ዘንበል አድርጌ ሥሩን በጣቴ ዳበስኩት። መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል።

"የተተኮሰ ነው" አልኩ ሳላስበው።

"ምን አሉ እትዬ?" አለችኝ አስተናጋጇ። ምንም አላልኩም ብዬ ወደ አዳራሹ ገባሁ።

ይህን ያስተማረኝ ግዛቸው ነው። ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት ስጠብቅ፣ እናቴ ሰርቪስ ቤታችንን ከጦር ሜዳ ለተመለሰ አንድ ወጣት አከራየችው። ቤታችን ገርጂ ነበር። የዛሬውን ገርጂ ግን እንዳታስቡ። ያኔ ከበራችን ወጣ ሲሉ የጤፍ ማሳ ነው፤ ከማሳው ወዲያ ረግረግ፤ በላዩ ደግሞ ቦሌ ለማረፍ ዝቅ ያሉ አውሮፕላኖች ሆዳቸውን እያሳዩን ያልፋሉ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ታክሲ የሚቆምበት ድረስ ጫማችንን በፌስታል ይዘን በቦቲ የምንሄድ ሰዎች ነበርን።

ግዛቸው የመድፍ ወታደር ነበር። ጦሩ ሲበተን ሌላ ሥራ ስላላገኘ የሚያውቀውን ያዘ፤ የድሮ ጦርነት ዕቃ ይሰበስባል። የጣሊያን ጊዜ የብረት ቆብ፣ ዝገት የበላው ሳንጃ፣ ኮዳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመድፍ ቀለሃ። ሾላ ገበያ አሮጌ ብረት የሚሸጡት ሁሉ ያውቁታል። ቀለሃዎቹን በሎሚና በአመድ አሽተን ስናወለውላቸው እንደ ወርቅ ያበራሉ፤ ቦሌ የሚኖሩ ፈረንጆች ለሳሎናቸው ይወስዷቸዋል። ዋጋ ሲተምን አይቸኩልም። መጀመሪያ ሥሩን ይዳብሳል፤ ተመትቶ ጎድጉዶ ከሆነ ተተኩሶ ያለቀለት ነው። ከዚያ የተሠራበትን ዓመትና አገር ያነባል፤ በመጨረሻ አፉ አለመጣመሙን ያያል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሠራ እኔም ለመድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የማየው ቀለሃውን ብቻ አልነበረም።

አንድ ቀን፣ "ከዚህ ነገር አምልጠህ መጥተህ መልሰህ ቤትህ ትከምረዋለህ?" አልኩት።

"እነዚህ ባዶ ናቸው" አለኝ። "የሚያደርጉትን አድርገው ጨርሰዋል። ባዶ መሆናቸውን እያየሁ ስተኛ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

ያን ቀን ስለ እናቱም ነገረኝ። ግንባር ላይ ሳለ ሞተ ተብሎ ምንጃር ላሉት እናቱ መርዶ ሄዶ ነበር። አልቅሰው፣ ተዝካሩን አውጥተው፣ ጥቁር ለብሰው ሳለ እሱ በእግሩ ደጃፋቸው ላይ ደረሰ። "አላቀፈችኝም" አለኝ። "ፊቴን በእጇ እየዳሰሰች 'ማነህ?' አለችኝ።"

ፍልሰታ ላይ ነበር። ዝናቡ ለጥቂት ቀናት ፋታ ሰጥቶን፣ ግቢ ውስጥ በቆሎ ጠብሰን እንበላለን። የጎረቤት ልጆች እንደ ልማዳቸው ቀለሃ ሊያዩ ግቢውን ሞልተውታል። ሸምሱ ቆራሌው ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ሸምሱ በየሰፈሩ ዞሮ የገዛውን አሮጌ ብረት መርካቶ ከመውሰዱ በፊት ለግዛቸው የሚያሳይ፣ ሁላችንም የምንወደው ሰው ነበር።

"ዛሬስ ትመርቀኛለህ" አለ ጆንያውን እያወረደ። "ኮተቤ ለቤት መሠረት ሲቆፍሩ ያወጡት ነው። የጣሊያን ሳይሆን አይቀርም። እስቲ ዋጋውን ንገረኝ።"

ግዛቸው የጆንያውን አፍ ከፈት አድርጎ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ሸምሱ፣ እንዳትነካው። ወደ ኋላ ሂድ።"

"ምነው?"

"ይሄ ባዶ አይደለም።"

እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። "ለቀበሌ እንናገርና መጥተው ይውሰዱት፤ አንተ ምን አገባህ?" አለችው።

"እነሱ እስኪመጡ እነዚህን ሁሉ ልጆች ማን ያግዳቸዋል እትዬ? ረግረጉ ዳር አስቀምጬው ልመለስ፤ ከዚያ እንጠራቸዋለን።" ወደ እኔ ዞረ። "ወይንሸት፣ ልጆቹን ቤት አስገቢና በሩን ዝጊ። በቆሎዬን ደግሞ እንዳትበይብኝ።"

ጆንያውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ እግሩን እየመረጠ ወጣ። በመስኮት ማሳውን አልፎ እስኪሰወር አየሁት።

ትንሽ ቆይቶ ነጎድጓድ ሰማን። እናቴ "ዝናቡ መጣ" ብላ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ሮጠች። ልብሱን እንዳቀፈች ሰማዩን ቀና ብላ አየችና ባለችበት ቆመች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሸምሱ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

የግዛቸው እናት እማማ አበቡ በማግስቱ መጡ። ሴቶቹ ደግፈው ሊያስለቅሷቸው ሲጠብቁ፣ እሳቸው ድምፅ ሳያሰሙ ክፍሉ ገብተው ከመደርደሪያው ፊት ቆሙ።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"የመድፍ ቀለሃ ነው እማማ። እሱ የሰበሰበው ነው።"

"ከዚህ አይደል እንዴ አምልጦ የመጣልኝ?"

ያለኝን ነገርኳቸው፤ ባዶ መሆናቸውን እያየ እንቅልፍ እንደሚወስደው። አንዱን አንስተው እንደ ጉድጓድ ውስጡን አጎንብሰው አዩት። ከዚያ በቀስታ መልሰው አስቀመጡት።

"ፊት አልቅሼለት ነበር" አሉ። "ደረቴን ደቅቼ፣ ፊቴን ነጭቼ። የነበረኝን እንባ ያኔ ጨረስኩት። አሁን በምን ላልቅስለት?"

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ የኔን እንባ ጠረጉልኝ። ሸምሱ ከዚያ ወዲህ ብረት ገዝቶ አያውቅም፤ ጠርሙስና ላስቲክ ብቻ ሆነ ሥራው። ቀለሃዎቹም ከአርባው በኋላ ተሸጠው ገንዘቡ ምንጃር ተላከ።

እኔ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። ሕይወቴ ክፉ አልነበረም። ረግረጉም ደርቆ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እዚያ የሆነውን ለማን እንደምናገረው አላውቅም።

ከእኔ በር ፊት ለፊት አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ልጇ ለውትድርና ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆየ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትጠራኝና አጠገቧ ታስቀምጠኛለች። ሕልሟን ትነግረኛለች። "ይመጣል ትያለሽ?" ትለኛለች ዓይን ዓይኔን እያየች።

ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት የመጣ አንድ ልጅ አውቃለሁ እላታለሁ። ፊቷ ሲፈካ አያለሁ። ከመጣ በኋላ የሆነውን ግን ነግሬያት አላውቅም።