ሁዳዴና አረንጓዴው ድሪል

እታገኘሁ ሽጉጥ የጨበጠችው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት እጇ የለመደው ብረት መርፌ ብቻ ነበር፤ ሽሮ ሜዳ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ስትጠልፍ ኖራለች። ሜልበርን ገብታ የታጣቂ ጠባቂነት ኮርስ ስትጀምር አሰልጣኙ ቁመቷን አይቶ ፈገግ ብሎ ነበር። ሃምሳ ጥይት ተኩሳ አርባ ስምንቱን የዒላማው ክብ ውስጥ ስታስገባ ግን ፈገግታውን ሰበሰበና ወረቀቱን እንደገና ቆጠረው። ሴትዮዋ ተአምር አልሠራችም። ትንፋሽን ይዞ አንዲት ነጥብ ላይ ማፍጠጥ ለጥልፍ ሠራተኛ የዕለት እንጀራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ገንዘብ በሚያጓጉዝ መኪና ላይ ትሠራለች። ወገቧ ላይ ሽጉጥ፣ ደረቷ ላይ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ አድርጋ፣ የባንክ ማሽን ከሚሞላው ባልደረባዋ ጀርባ ትቆማለች። አንድም ቀን ተኩሳ አታውቅም፤ እግዜር ይመስገን ትላለች። ሥራውን የምትወድበት ምክንያትም ሽጉጡ አይደለም፣ ሺፍቱ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገብታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ታርኔት ሰፈር ያለው ቤቷ ትደርሳለች፣ ከባሏ ጋር እራት ትበላለች፣ አጠገቡ ትተኛለች።

ይህ ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ባሏ ይድነቃቸው ላቨርተን ኖርዝ ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል፤ ከቤት የሚወጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እሷ ከዚህ ሥራ በፊት እዚያው ላቨርተን ኖርዝ፣ የሌላ መጋዘን በር ላይ የሌሊት ጠባቂ ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ የተገናኙት በቤታቸው በር ላይ ነው፤ እሷ ስትገባ፣ እሱ ሲወጣ። ገና ሊነጋ ሲል እሱ “ደህና እደሪ” ይላታል፣ እሷ “ደህና ዋል” ትለዋለች። ልጅ አልወለዱም። በቤቱ ውስጥ ያሉት እነሱ ሁለቱ ናቸው፤ ያኔ ደግሞ ሁለቱም ባንድ ጊዜ አልነበሩም።

እንግዲህ ታጣቂ ሁሉ በየዓመቱ የተኩስ ፈተና ይፈተናል። ከሃምሳው አርባ ያላገባ ሽጉጡን ያስረክባል። ፈተናው ሁልጊዜ በጥቅምት ነበር፤ ዘንድሮ ድርጅቱ ምን እንደታየው እንጃ፣ ወደ መጋቢት አዞረው። በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እታገኘሁ ሃምሳ ተኩሳ ሠላሳ ስድስት አገባች። አሰልጣኙ እሷም ወረቀቱም የተሳሳቱ ይመስል ሁለቱን እያፈራረቀ አየ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን የምትፈተንበት አንድ ዕድል ብቻ እንዳላት የሚናገር ደብዳቤ እዚያው ተሰጣት። ከወደቀች ያለ መሣሪያ የምትሠራበት ቦታ እንደሚፈለግላት ደብዳቤው በትሕትና ይገልጻል። ቦታውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልጋትም፤ ክፍት የነበረው የሌሊት በር ጥበቃ ብቻ ነው።

ሽጉጡ ከመሥሪያ ቤት አይወጣም። አሰልጣኙም አስቀድሞ አስጠንቅቋታል፤ ሽጉጥ የሚመስል ነገር፣ የልጅ መጫወቻም ቢሆን፣ ያለ ፈቃድ ቤት ማስገባት ያስከስሳል። ይድነቃቸው ይህን ሲሰማ ጋራዥ ገባና ሞተሩ የተቃጠለ አረንጓዴ ድሪል፣ የግድግዳ መብሻ፣ ይዞ ወጣ። ሆዱን ከፈተው፣ ሞተሩን አወጣው፣ በቦታው ለድመት መጫወቻ የሚሸጥ ቀይ ሌዘር አስገባበት። የድሪሉን ቃታ ስትስብ ሌዘሩ አንዴ ብልጭ ይላል። የሽጉጡን ክብደት እንዲይዝ ዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ የሚያንጠለጥሉትን እርሳስ ጠቀጠቀበት። ማነጣጠሪያ ይሆን ዘንድ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት የፕላስቲክ ጉጥ ለጠፈበት። ያገለገለ ስልኩ ላይ ደግሞ አፕ ጫነ፤ ስልኩ በካሜራው ዒላማውን እያየ ቀዩ ነጥብ የት እንዳረፈ ይመዘግባል፣ ውጤት ይሰጣል፣ የየቀኑን በሥዕል ያሳያል።

“ፖሊስ ቢመጣስ?” አለችው።

“ግድግዳ ልበሳ ነው በይው።”

ኮሪደራቸው ረዥምና ጠባብ ነው። በምሥራቁ ጫፍ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፣ በምዕራቡ ጫፍ ወደ ጋራዥ የሚያስገባ በር አለ። እታገኘሁ ወደ ሥዕሉ ድሪል እንኳ አይደገንም ብላ ዒላማውን ጋራዡ በር ላይ ለጠፈችው። በየጠዋቱ ለሥዕሉ ጀርባዋን መስጠቷን ይቅር እንድትላት ተሳልማ ትጀምራለች። ሃምሳ ጊዜ ትስባለች፣ ሃምሳ ጊዜ ብልጭ ይላል። ማታ ስትገባ ይድነቃቸው ሌላው ወንድ የኳስ ውጤት እንደሚያይ ስልኩን ይዞ የእሷን ውጤት ሲያይ ታገኘዋለች።

ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ አራት። በመጀመሪያ ድሪሉን ጠረጠረች፣ ቀጥላ የኮሪደሩን መብራት፣ ቀጥላ ዓይኗን። ዌስት ፉትስክሬይ ያለ መነጽር ቤት ድረስ ሄዳ ዓይኗን አስመረመረች፤ ዓይንሽ የልጅ ዓይን ነው ብለው መለሷት። ነገሩን የደረሰበት ይድነቃቸው ነው። እሑድ ማታ ስልኩ ላይ የየቀኑን ውጤት ሥዕል ሲመለከት ቆየና ጠራት።

“እቱ፣ ቅዳሜ አርባ አምስት፣ ዛሬ አርባ ስድስት ነሽ። ሌላውን ቀን ግን አርባን አትነኪም። ቅዳሜና እሑድ ምን የተለየ ትሠሪያለሽ?”

እታገኘሁ አሰበች። “ቁርስ እበላለሁ” አለች።

ተያዩ። እሷ በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ እሱም እንዲሁ። በሰው ፊት መመስገን የሚያሳፍራት ሴት ናት፤ ይድነቃቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ “የኔዋ እቱ ጾም ገድፋ አታውቅም” ሲል ግን ልቧ ሞቅ ይላታል። ስለዚህ ብይ አላላትም፣ እሷም ልብላ አላለችም። “ሰውነት ይለምዳል፣ ግፊበት” አላት። አንድ ሳምንት ገፋችበት። እጇ ግን ማንንም አልሰማም፤ ቃታውን ልትስብ ስትል ጣቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይርገበገባል፣ ቀዩ ነጥብም አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ያርፋል።

ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ አጃ በውሃ ቀቅላ በለች።

የለውዝ ቅቤ ጨመረችበት እንጂ ወተት አልነካችም። “የገደፍኩት ሰዓቱን ነው እንጂ ጾሙን አይደለም” ስትል ራሷን አጽናናች፤ ሳህኑን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው መልሳ፣ መስኮት ከፈተች። ከዚያ ድሪሉን አነሳችና አርባ ሰባት አገባች። ደስ አላት፣ ወዲያው ደነገጠች። ማታ ባሏ ስልኩን ከፍቶ የሰኞ አርባ ሰባት ሲያይ ምን ሊል ነው? ልታጠፋው ብትል ቀኑ ባዶ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ እንደገና ጀመረችና በዚህኛው ሃምሳ ውስጥ ሆን ብላ አሥራ ሦስት ሳተች። የመጀመሪያውን ሰረዘች፣ ሁለተኛውን አስቀመጠች። ሠላሳ ሰባት፤ የጾመ ሰው ውጤት።

እንዲህ ስታደርግ ሰነበተች። ጠዋት በልታ በደንብ ትለማመዳለች፣ ያንን ትሰርዛለች፣ በመጨረሻ ለባሏ የሚሆን ስሕተት ትስታለች። ማታ እሱ በሐዘን ራሱን ሲነቀንቅ እያየች ሽሮዋን ታማስላለች። መዋሸቷ ከመብላቷ ይልቅ ይቆጠቁጣት ነበር። ሐሙስ ሲያልፍ እነግረዋለሁ እያለች ቀን ቆጠረች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእታገኘሁን ምስጢር ያወጣው ግን ሌዘሩ ነው። ረቡዕ ማታ፣ የፈተናው ዋዜማ፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ይድነቃቸው ስልኩን ዘረጋላት።

“ይሄ መጀመሪያ ሰሞን የነበረው ነው” አላት። ቀያይ ነጥቦች እንደ ተበተነ ምስር ወረቀቱን ሞልተውታል። በጣቱ ገፋ አደረገው። “ይሄ ደግሞ ከሰኞ ሳምንት ወዲህ ያለው ነው።” መሐሉ ላይ ነጥቦቹ ተደራርበው አንድ ክብ ሠርተዋል። የሳተቻቸው ደግሞ ከታች በስተግራ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ተከማችተዋል፤ አንድ ብር ሳንቲም ይሸፍናቸዋል።

“እሺ?” አለች።

“የራበው ሰው እንዲህ አስተካክሎ አይስትም፣ እቱ።”

የጥልፍ እጇ ነው ጉዷን ያወጣው፤ መሳት እንኳ ሲያምራት በልክ ነው የምትስተው።

“አጃ ነው” አለች በመጨረሻ። “በውሃ።”

ይድነቃቸው ስልኩን አጠፋና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። “ነገ ፈተና አለብሽ፣ ተኚ” ብሎ ገባ። እሷ ሶፋው ላይ ቀረች፤ ነገ ምንም ሳልቀምስ እሄዳለሁ፣ ብወድቅም ልውደቅ ብላ ወሰነች። ስታስበው ያ የመጋዘን በር፣ ፕላስቲክ ወንበሩ፣ ሊነጋ ሲል የሚባለው “ደህና እደሪ” በዓይኗ መጣ፤ አለቀሰች።

ጠዋት ስትነሣ ይድነቃቸው ቤት ነበር። ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አጃ ይጨሳል፤ አንዱ እሷ ወንበር ፊት፣ አንዱ እሱ ፊት። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

“ላንተ ምኑ ነው?” አለች።

አማተበ፣ ማንኪያውን ሞልቶ ጎረሰ። አኝኮ ሲጨርስ ፊቱን አኮማተረ። “ይሄንን ነው ተደብቀሽ የምትበዪው? ለዚህስ ባልገደፍሽ” አለ።

“ይድነቅ፣ አንተ ፈተና የለብህም።”

“አራት ዓመት ሚስቴን በር ላይ ነው ያየኋት። ወደዚያ አልመለስም።” ሁለተኛውን ጎረሰ። “ብቻሽን ገድፈሽ፣ ብቻሽን ዋሽተሽ፣ ብቻሽን ንስሐ ስትገቢ ቁጭ ብዬ ልይሽ? ብይ፣ ይቀዘቅዛል።”

በላች። እንባዋ ሳህኑ ውስጥ እንዳይገባ ቀና ብላ ነበር የምትውጠው።

በረፋዱ አራት ሰዓት ሃምሳ ተኩሳ አርባ ሰባት አገባች። ከሦስቱ ስሕተቶች ሁለቱ እዚህና እዚያ ናቸው፤ የእውነት ስሕተቶች፤ አንዱ ብቻ እንደ ልማዱ ከታች በስተግራ አርፏል። አሰልጣኙ ወረቀቱን ፈርሞ እየሰጣት ምን እንደለወጠች ጠየቃት። “ቁርስ” አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከመፈተኛው ቦታ ሳትርቅ መኪናዋ ውስጥ ሆና ለነፍስ አባታቸው ለአባ ወልደአማኑኤል ደወለች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አጃውን፣ ድሪሉን፣ የሐሰት ስሕተቶቹን። ድሪሉን ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

“ቀድሞ ብትጠይቂኝ እፈቅድልሽ ነበር” አሏት። “የገደፍሽው ለእንጀራሽ ነው፤ እሱን እግዜር ያውቃል። የዋሸሽው ግን ለማን ነው? በየቀኑ አርባ አንድ ስግዱ፤ አንቺ ዘጠኝ ቀን ገድፈሻልና ለዘጠኝ ቀን፣ ባልሽ ለአንድ ቀን።”

ስግደት ምግብ ሳይቀመስ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ይድነቃቸው ወደ ሥራ ሳይወጣ ሁለቱም ተነሡ። ኮሪደሩ ውስጥ ጀርባቸውን ለዒላማው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ አዙረው ቆሙ። አርባ አንዱን ሲጨርሱ እሱ ጉልበቱን እያሻሸ ወጣ፤ የእሱ ቀኖና አለቀ።

ቅዳሜና እሑድ አይሰገድም። ሰኞ ንጋት እታገኘሁ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ኮሪደሩ ውስጥ ቆመች። ድሮ በር ላይ ይተላለፉበት የነበረው ሰዓት እየተቃረበ ነው። የመጀመሪያውን ሰግዳ ስትነሣ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ፤ ይድነቃቸው የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ መጣ።

“ያንተ እኮ ዓርብ አልቋል” አለችው።

“ተጠጊልኝ፤ ጠባብ ነው” አላት።